በጥንታዊት ሮማ ማን ያነብ ነበር?

(በመሠረተ ትምህርት የራዲዮ ፕሮግራም ለወጣት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ራዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምታዳምጡም ሆናችሁ፣ በኋላ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ መስመር በመስመር የምታነቡ፣ የዛሬው ንግግር ለሁላችሁም የተዘጋጀ ነው።

ዛሬ ራቅ ወዳለ ሀገርና ራቅ ወዳለ ዘመን እንሄዳለን። ወደ ኋላ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ተጉዘን ወደ ጥንታዊት ሮማ እንገባለን። ስለ ሮማ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ቄሣሮቹና ስለ ጦር ሠራዊቱ ነው። ዛሬ ግን ቄሣሮቹን ለጊዜው እንተዋቸውና ዳቦ ጋጋሪውን፣ ውሃ ቀጂዋን፣ ተማሪውን፣ ወታደሩንና የመንደር ጸሐፊውን እንጎብኝ። ስንጎበኛቸውም አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ለመሆኑ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ማን ነበር? የማይችለውስ ኑሮውን እንዴት ይገፋ ነበር?

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስባችሁ። በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከንጋቱ እንጀምር። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ለእነሱ አንድ ሰዓት ነው። ቀትር ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። አያችሁ፣ አንድ የጥንት ሮማዊ ዛሬ ከመቃብር ተነሥቶ እኛ ሀገር ቢመጣና «ስድስት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብትሉት ሳይሳሳት በቀትር ይመጣ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው። እነሱ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ሁልጊዜ ለአሥራ ሁለት ስለሚከፍሉት፣ የበጋቸው ሰዓት ረጅም፣ የክረምታቸው ሰዓት አጭር ነበር።

የሮማ ከተማ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባት እንደነበረ ይገመታል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ያድራል? ሀብታሙ ግቢና የአበባ ቦታ ባለው ቤት ይኖራል። አብዛኛው ድኃ ግን ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበ የኪራይ ቤት ታጭቆ ይኖር ነበር። ቤቶቹ አለቅጥ ከፍ እያሉ ይፈርሱ ስለነበረ አውግስጦስ ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። ዛሬ በከተማ የላይኛውን ፎቅ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። በሮማ ግን የላይኛው ፎቅ የድኃው ነበር። ደረጃው ረጅም ነው፤ ውሃ እዚያ አይደርስም፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ከላይ ያለው ሰው ነው።

ውሃ ወደ ከተማዋ የሚመጣው ከሩቅ ምንጭ በተሠራ ቦይ ነበር። የመጀመሪያው ቦይ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት ነው። በ226 ዓ.ም. የቦዮቹ ቁጥር 11 ደርሶ ነበር። ውሃው ሌት ተቀን በየአደባባዩ ይፈሳል። ከዚያ ወዲያ ግን እንስራ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የቀጂው ፋንታ ነው። ይህን ሥራ ለምታውቁት ብዙ ማብራሪያ አያሻችሁም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ድኃው ሮማዊ የሚበላው ዳቦ፣ ገንፎ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንኩርትና የወይራ ፍሬ ነበር። ሥጋ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎና በርበሬ የሚባሉትን በስምም አያውቋቸውም። እነዚህ ሁሉ ከ1492 ዓ.ም. በኋላ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። የእኛም በርበሬ እንደዚሁ። ከሕዝቡ ብዙው ወጥ ቤት ስላልነበረው ትኩስ ምግብ ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዝቶ ይበላ ነበር። በሮማ ከተማ በአውግስጦስ ዘመን ለ200,000 ያህል ወንዶች በየወሩ የመንግሥት ስንዴ በነጻ ይታደል ነበር። የአንዱ ሰው ድርሻ 33 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ብዙው እህል ከግብፅና ከሌላው የሰሜን አፍሪካ ክፍል በመርከብ የሚመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? ትልቁ ምስክራችን ፖምፔይ የምትባለዋ የኢጣሊያ ከተማ ናት። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ የሚባለው ተራራ ፈንድቶ ከተማዋን በአመድና በድንጋይ ቀበራት። ብዙ ሰው አለቀ። ከተማዋ ግን እንደ ነበረች ተቀብራ ቆየች። በአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ብቻ ከሰል የመሰሉ 81 ዳቦዎች ተገኝተዋል። ጋጋሪው ከቷቸው ሳያወጣቸው ቀረ።

በዚች ከተማ ግድግዳዎች ላይ ደግሞ ከ11,000 በላይ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ለምርጫ «እገሌን ምረጡ» የሚል አለ። የፍቅር ቃል አለ። ስድብም አለ። የቤት ኪራይ ማስታወቂያም አለ። አንዱ ማስታወቂያ ከሚመጣው ሐምሌ መባቻ ጀምሮ ሱቆችና ከበላያቸው ያሉ ክፍሎች እንደሚከራዩ ይናገርና፣ የሚፈልግ ሰው ፕሪሙስ የተባለውን የባለንብረቱን ባሪያ ያነጋግር ይላል። ልብ በሉ፤ ያ ባሪያ የራሱ ጌታ አይደለም፤ ነገር ግን የጌታው ንብረት ጉዳይ በእሱ እጅ ነው። በሮማ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ባሮች ብዙ ነበሩ። የጌቶቻቸውን ደብዳቤና ሒሳብ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጌቶቹ ያስተማሯቸው ለጽድቅ ብለው ሳይሆን ሥራው የተማረ እጅ ስለሚጠይቅ ነው።

እንዲህ ግድግዳው ሁሉ በጽሑፍ ከተሞላ ሁሉም ሰው ያነብ ነበር ማለት ነው? አይደለም። በዚያው በፖምፔይ የወይን ጠጅ ሱቅ ምልክት ሆኖ የተገኘው ነገር ፊደል ሳይሆን ጋን የተሸከሙ የሁለት ሰዎች ምስል ነው። በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ደግሞ በትናንሽ ጠጠር የተሠራ ጥቁር ውሻ፣ ሰንሰለቱ በአንገቱ፣ ጥርሱን አግጥጦ ይታያል። ከሥሩ «ከውሻው ተጠንቀቅ» የሚል ጽሑፍ አለ። ዛሬ በከተሞቻችን የግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ እንደሚጻፈው መሆኑ ነው። ጽሑፉን ማንበብ የሚችል ያነበዋል፤ የማይችልም ሥዕሉን አይቶ ይመለሳል። ግን እስቲ አስቡት፣ ውሻን በሥዕል ማሳየት ይቻላል። የኪራይ ውልን ግን እንዴት አድርጎ በሥዕል ማሳየት ይቻላል?

ዊልያም ሃሪስ የተባለ የታሪክ ሊቅ በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት በሮማ ግዛት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከመቶ ከ15 አይበልጥም ብሎ ገምቷል። በከተሞች ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል የሚሉ ሌሎች ሊቃውንትም አሉ። በገጠር ላሉት ሰዎችና ለሴቶች ግን ፊደል ሩቅ ነገር እንደነበረ ሁሉም ይስማማሉ።

ፊደልስ እንዴት ይማሩ ነበር? እኔም የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለሆንኩ ይህ ጉዳይ ልቤን ይስበዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚባል ለሕፃናት አልነበረም። ወላጅ ለመምህሩ በየወሩ ይከፍላል። ትምህርቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር ከአንድ መጠለያ ሥር፣ መጋረጃ ተጋርዶ ነው። ልጆች ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ይገባሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ኩራዝ ይዘው ይመጣሉ። ደብተራቸው ሰም የተቀባ ጠፍጣፋ እንጨት ነው። ብዕራቸው አንድ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። በሾለው ይጽፉበታል፤ ሲሳሳቱ በጠፍጣፋው ሰሙን ደልድለው ያጠፉታል። ፊደላቸው 23 ብቻ ነበር፤ የእኛን 231 ፊደል ለሚቆጥር ተማሪ ይህ ቀላል ይመስላል። ዛሬ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የቁቤ ፊደል መሠረቱ ይኸው የሮማውያን ፊደል ነው።

መምህሮቹ ብዙዎቹ በአርጩሜ የሚያምኑ ነበሩ። ኩዊንቲሊያኑስ የተባለው የመጀመሪያው መቶ ዓመት ታላቅ መምህር ግን ድብደባን ተቃውሟል። ልጅ በጨዋታ ቢማር ይሻለዋል ብሎ፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደሎችን ለሕፃናት መጫወቻ መስጠትን ደግፏል። በዚያው መቶ ዓመት ለሮማ ግዛት የዝሆን ጥርስ ከሚልኩት ወደቦች አንዱ በቀይ ባሕር ዳር የነበረው የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ነበር።

የመምህሩን ደመወዝ ብነግራችሁ ደግሞ ትገረማላችሁ። በ301 ዓ.ም. ዲዮቅልጥያኖስ ቄሣር ከ1000 በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጀ። በዚያ አዋጅ መሠረት የእርሻ ሠራተኛ ምግቡን ችለውት በቀን 25 ዲናር ይከፈለዋል። ፊደል አስተማሪ ግን ከአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ የወር ትምህርት ዋጋ የአንድ የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ጉልበት ነው ማለት ነው። መምህሩ አንድን የቀን ሠራተኛ ለማከል እንኳ አሥራ አምስት ያህል ልጆች መሰብሰብ ነበረበት።

ይህ አዋጅ ወደምንፈልገው ነገር ያቀርበናል። አዋጁ በላቲንና በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ተቀርጾ በየከተማው ቆመ። ከተወሰነው ዋጋ በላይ የሚሸጥ ቅጣቱ ሞት ነው ይላል። እንግዲህ ገበያ የመጣውን ገበሬ አስቡት። ሕጉ ፊቱ ቆሟል። የተጻፈውም ለእሱ ጥቅም ነው። ማንበብ ካልቻለ ግን ያ ድንጋይ ለእሱ ከሌላው ድንጋይ በምን ይለያል? ዋጋውን ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት፤ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ራሱ ሻጩ ሊሆን ይችላል።

ያው አዋጅ ማመልከቻ ወይም ውል ለሚጽፍ ሰው ለ100 መስመር 10 ዲናር ይፈቅዳል። በእኛም ሀገር በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፉ የሚተዳደሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው። ሆኖም የተጻፈለትን ወረቀት መልሶ ማንበብ የሚችል ሰውና የማይችል ሰው አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ግብፅ እንሻገር። ግብፅ ያኔ የሮማ ግዛት ነበረች፤ የጽሕፈት ቤት ሥራዋም የሚካሄደው በግሪክ ቋንቋ ነበር። አየሩ ደረቅ ስለሆነ በፓፒረስ ላይ የተጻፉ በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች እስከ ዛሬ ሳይበሰብሱ ተገኝተዋል። ውል፣ ደረሰኝ፣ አቤቱታ፣ የእናት ደብዳቤ ሁሉ አለበት። በብዙዎቹ ውሎች መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ይገኛል። እገሌ ፊደል ስለማያውቅ እኔ ጻፍኩለት ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ቀስ ብሎ የሚጽፍ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ቀስ ብሎ የሚጽፍ የተባለው ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ እየሳለ ስሙን የሚያሰፍር ነው።

በ184 ዓ.ም. ገደማ በፋዩም አውራጃ ፔታዎስ የተባለ ሰው የጥቂት መንደሮች ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ልብ በሉ፣ ሥራው ጸሐፊነት ነው! የመንደሩ ግብር፣ የሰው ስም ዝርዝር፣ የሹማምንት ትእዛዝ በእጁ ያልፋል። ከወረቀቶቹ መካከል ታዲያ አንድ የልምምድ ወረቀት ተገኘ። ፔታዎስ ስሙን፣ የመንደር ጸሐፊ መሆኑንና ወረቀቱን ማቅረቡን የሚገልጸውን አንዲት የፊርማ መስመር እየደጋገመ ጽፏታል። መካከል ላይ ሲደርስ የመጨረሻውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ረሳ። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮችም ያንኑ ስሕተት እየገለበጠ ሄደ። ምን ማለት ነው? ፔታዎስ የሚጽፈውን አያነበውም ነበር። ከላይ ያለውን መስመር እያየ ይስላል እንጂ።

በዚህ አላበቃም። ኢስኪሪዮን የሚባል ሌላ የመንደር ጸሐፊ ፊደል አያውቅም ተብሎ ተከሰሰ። ጉዳዩ ለፔታዎስ ቀረበ። ፔታዎስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰውዬው በሚያቀርባቸው ወረቀቶች ላይ ስለሚፈርም ፊደል የማያውቅ አይባልም ብሎ መለሰ። ለፔታዎስ ፊደል ማወቅ ማለት መፈረም ማለት ነበር።

በፔታዎስ ለመሳቅ አትቸኩሉ። ክብሩም እንጀራውም በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ሌሊት ተቀምጦ ቢለማመድ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ግን ከፊርማው በላይ የተጻፈው ነገር ሁሉ ለእሱ የተዘጋ በር መሆኑ ነው። የሚጽፍለት ሰው ታማኝ ከሆነ ደግ፤ ካልሆነስ? ያልፈጸመው ነገር ቢጻፍበት እንኳ ፔታዎስ ከሥሩ አሳምሮ ይፈርምበታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ። በዚያው በግብፅ፣ ኦክሲሪንኩስ በምትባል ከተማ፣ በ263 ዓ.ም. አውሬሊያ ታይሱስ የተባለች ሴት ለአገረ ገዢው ማመልከቻ አቀረበች። በሮማ ሕግ ሴት አንዳንድ ውል ለመዋዋል ወንድ ሞግዚት ያስፈልጋት ነበር። ሦስት ልጆች የወለደች ነጻ ሴት ግን ያለ ሞግዚት ጉዳይዋን ራሷ እንድትፈጽም ይፈቀድላታል። ታይሱስ የልጆቿን ነገር ጠቅሳ በዚያ ብቻ አላቆመችም። ፊደል እንደምታውቅና ያለ ችግር መጻፍ እንደምትችል ጨመረችበት። ሕጉ የጠየቀው ልጆቹን ነው፤ ፊደሉን ሕጉ አልጠየቃትም። እሷ ግን የሚጻፈውን አንብባ የምትፈርም ሰው መሆኗን ሹሙ እንዲያውቅላት ፈለገች። ማመልከቻዋም በመዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ።

ከጽሕፈት ቤት ጉዳይ ውጭም ፊደል የሚሠራው ሥራ አለ። በእንግሊዝ ሀገር ቪንዶላንዳ በሚባል የጥንት የሮማ የጦር ሰፈር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎች ከእርጥብ መሬት ውስጥ ወጥተዋል። በአንዱ ላይ ለአንድ ወታደር ካልሲ፣ ጫማና ሁለት ሁለት የውስጥ ሱሪ እንደተላከለት ይነበባል። ብርዱ ክፉ ነበርና! በሌላው፣ በ100 ዓ.ም. ገደማ፣ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የአንድ አዛዥ ሚስት ጓደኛዋን ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለልደት ቀኗ ትጠራታለች። ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ክላውዲያ በራሷ እጅ፣ ባልተስተካከለ ጽሕፈት፣ ጥቂት የናፍቆት ቃል ጨመረች። ጽሕፈቱ ከጸሐፊው ያንሳል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቃል ለጸሐፊ እየነገሩ ማስጻፍ ያስቸግራል። ከሴት እጅ የወጡ የላቲን ጽሑፎች ተብለው ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ እንግዲህ ነገሩን ሰብሰብ እናድርገው። የሮማ ሕዝብ እንደኛው ውሃ የሚቀዳ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ ኪራይ የሚከፍልና በገበያ የሚከራከር ሕዝብ ነበር። በመካከሉ ግን አንድ ድንበር ያልፋል። በአንድ ወገን የተጻፈውን ራሱ የሚያይ አለ፤ በሌላ ወገን «ምን ይላል?» እያለ የሚጠይቅ አለ። ፔታዎስ በመካከል ቆመ። ከጣት አሻራ ወደ ፊርማ መድረስ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማንም አያንቋሽሸው። ነገር ግን መንገዱ እዚያ አያልቅም።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በየክፍሉ እንደምናየው ብዙ ተማሪ ስሙን መጻፍ እንደቻለ «አሁንስ ይበቃኛል» ብሎ ትምህርቱን ይተዋል። እርሻው፣ ገበያው፣ ልጅ ማሳደጉ ስለሚያስቸግር መሆኑን እናውቃለን። ግን ስም መጻፍ ብቻ የሚችል ሰው ከማይፈርም ሰው ይልቅ አደጋ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። የማይፈርመው ሰው «አላውቅም፣ አንብቡልኝ» ይላል። የሚፈርመው ግን ሰው ፊት አላውቅም ማለት ያፍርና ያላነበበው ወረቀት ላይ ፊርማውን ያኖራል። ዕዳውም ይቆጠርበታል፤ መሬቱም ይሄድበታል። ቀስ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም። ጣትን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ ድምፅን አውጥቶ፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ መመለስ አያሳፍርም። የሚቸኩል ሰው ቢኖር፣ ይቆይ በሉት።

እስከሚቀጥለው ፕሮግራም ድረስ የምትሠሩትን ሥራ ልስጣችሁ። አንደኛ፣ በቤታችሁ የቤተሰባችሁ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ካለ፣ ደረሰኝም ይሁን የኪራይ ውል፣ አስፈቅዳችሁ አውጡት። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው ድረስ ለፈረመው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ያልገባችሁን ቃል በእርሳስ አስምሩና ወደ መምህራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛ፣ ለወዳጅ ወይም ለዘመድ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ጽሕፈቱ ቢንጋደድም ግድ የለም፤ ከራሳችሁ እጅ ይውጣ ብቻ።

በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ርእስ እስከምንገናኝ በርቱ። ደኅና ሁኑ!